ጎልፍ ላይ «እርስዎ ይቅደሙ» አይሠራም፦ ላንግስተን ሜዳ ለጀማሪ

ማክሰኞ ኦፌ ነው። ሰኞ ሌሊት እንደ ሰው እተኛለሁ። ማክሰኞ ጠዋት 7 የጎልፍ ዱላ መኪናዬ ኋላ ጭኜ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ዲሲ እወርዳለሁ። ይሄን ከጀመርኩ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ።

ይህን የምጽፈው ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው። ቤተክርስቲያን ግቢ፣ ሥራ ቦታ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይጠይቁኛል። «አባል መሆን አለብኝ? እንዴት ነው የሚገባው? ሰው አይስቅብኝም?» አባል መሆን አያስፈልግም። ማንም አይስቅም። እንዴት እንደሚገባ ግን ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ ስጀምር በአማርኛ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም ነበር።

ጎልፍን ያወቅኩት በሥራዬ ነው። የሌሊት ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። አንድ አዛውንት እንቅልፍ ሲያጡ የጎልፍ ድጋሚ ስርጭት ያዩ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርገው፣ እኔ የደም ግፊታቸውን ስለካ፣ ቀስ እያሉ ያስረዱኛል። «አሁን የሚመታው ከባንዲራው የራቀው ነው።» «አየሽ፣ ሁሉም ቆሞ ዝም አለ።» በጣም የገረመኝ ዝምታው ነበር። እኔ ያደግኩት ወንድሞቼ ገና ሲጫወቱ እያየሁ ነው። ጠማማ ዱላ ይዞ ሩሩን ማሳደድ፣ ጩኸት፣ አቧራ፣ የተመታ ቅልጥም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባለ ትልቅ ትንሽ የማይለይበት ጨዋታ። ይሄም ዱላና ኳስ ነው፤ ግን ሰው በሹክሹክታ ያወራል።

እሳቸው ካረፉ በኋላ ሐኪሜ «ቀን ላይ ፀሐይ እያየሽ ተራመጂ» አለኝ። ሁለቱ ነገሮች ጭንቅላቴ ውስጥ ተገናኙ።

ላንግስተን ያለው በዲሲ ሰሜን ምሥራቅ፣ ቤኒንግ ሮድ ላይ፣ አናኮስቲያ ወንዝ ዳር ነው። አርኤፍኬ ስታዲየም የነበረበትን አካባቢ የምታውቁ በቀላሉ ታገኙታላችሁ። መሬቱ የፌዴራል መንግሥት ነው፤ በፓርኮች መሥሪያ ቤቱ በናሽናል ፓርክ ሰርቪስ ሥር ነው። ስለዚህ የህዝብ ሜዳ ነው። ከፍሎ የገባ ይጫወታል። 18 ጉድጓድ አለው፤ «ጉድጓድ» የምንለው ከመነሻው ጀምሮ ኳሱ እስከሚገባበት ባለባንዲራ ቀዳዳ ድረስ ያለውን አንድ ክፍል ነው። ውኃ ዳር የሚሄዱ ጉድጓዶች አሉት፤ ዝይዎቹ ደግሞ ሜዳውን የራሳቸው ርስት አድርገውታል። ጠዋት ሣሩ ጤዛ ይዞ ሲያበራ እዚያ መቆም ብቻ ለእኔ በቂ ነው። ሌሊቱን በኒዮን መብራት ስር ለሚያሳልፍ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ቦታው ግን እንዲሁ ሣር ብቻ አይደለም። ታሪኩን ያወቅኩት ከጀመርኩ በኋላ ነው፤ ካወቅኩ በኋላ ግን አገባቤ ራሱ ተቀየረ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። በ1930ዎቹ ዲሲ ውስጥ ጥቁር ሰው እንደ ነጩ በፈለገው የህዝብ ሜዳ መጫወት አይችልም ነበር። በ1937 ጥቁር ሴቶች ተሰብስበው ዌክ ሮቢን የሚባል የጎልፍ ክለብ አቋቋሙ። ባሎቻቸው ሮያል የሚባል የራሳቸው ክለብ ነበራቸው። ሴቶቹ በ1938 የፓርኮቹ የበላይ ለነበረው ለአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ለሃሮልድ ኢክስ አቤቱታ አስገቡ፤ የህዝብ ሜዳዎች ለሁሉም ይከፈቱ ብለው። በ1939 ላንግስተን ለጥቁር ተጫዋቾች ተብሎ 9 ጉድጓድ ይዞ ተከፈተ። ስሙም ከቨርጂኒያ ለኮንግረስ ከተመረጠው የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ከጆን መርሰር ላንግስተን የመጣ ነው። በ1941 ደግሞ ሦስት ጥቁር ተጫዋቾች ወደ ኢስት ፖቶማክ ሜዳ ሄደው እየተሰደቡም ተጫወቱ። ከዚያ በኋላ ኢክስ ሜዳዎቹ ለሁሉም ክፍት ናቸው አለ። በ1975 ማስተርስ በሚባለው ትልቅ የጎልፍ ውድድር የተጫወተው የመጀመሪያው ጥቁር ጎልፈኛ ሊ ኤልደርም ኋላ ላይ ላንግስተንን አስተዳድሯል።

ይሄን የማነሳው ለታሪክ ትምህርት አይደለም። ብዙዎቻችን «ጎልፍ የኛ አይደለም፣ የሀብታም ነጭ ጨዋታ ነው» እንላለን። እዚህ ሜዳ ላይ ያ አባባል አይሠራም። ማክሰኞ ጠዋት የማገኛቸው ሰዎች ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌሮች፣ አስተማሪዎች፣ ፖስታ ቤት የሠሩ ሰዎች ናቸው። የገባሁ ዕለት «እንኳን መጣሽ» ያላለኝ የለም።

አሁን ወደ ቀጠሮው።

የጎልፍ ቀጠሮ ቲ ታይም ይባላል። ቲ ማለት የመጀመሪያውን ኳስ የምትመቱበት መነሻ ነው። ቀጠሮው በየ8 ወይም በየ10 ደቂቃው ይሰጣል፤ በአንድ ቀጠሮ ቢበዛ 4 ሰው ይገባል። 8:50 ከያዛችሁ 8:50 ላይ ኳሱ ይመታል ማለት ነው። መኪና የምታቆሙበት ሰዓት አይደለም። ጫማ የምትቀይሩበትም አይደለም። የሠርግ ካርድ ላይ እንደተጻፈ ሰዓት የምታዩት ከሆነ ቀናችሁ ይበላሻል። 10 ደቂቃ ከዘገያችሁ የሌላ ሰው ሰዓት ላይ ነው የደረሳችሁት። እኔ ከ30 ደቂቃ በፊት እደርሳለሁ። ሱቁ ገብቼ ስሜን እናገራለሁ፣ እከፍላለሁ፣ ሽንት ቤት እሄዳለሁ፣ ጥቂት ኳስ ግሪኑ ላይ አንከባልላለሁ። ግሪን ባንዲራው የቆመበት፣ ሣሩ እንደ ስጋጃ የተላጨው ቦታ ነው።

የሚያዘው በኢንተርኔት ነው። ምክሬ አንድ ነው፤ የሜዳው የራሱ ድረገጽ ካለ በእሱ ያዙ። መሀል ገብተው ለብዙ ሜዳ ቀጠሮ የሚሸጡ አፖች አሉ። አንዳንዴ ርካሽ ይሰጣሉ። ግን የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራሉ፣ ካንስል ስታደርጉ ያ ክፍያ ብዙ ጊዜ አይመለስም፣ ችግር ሲፈጠር ሜዳው «አፑን ጠይቂ»፣ አፑ «ሜዳውን ጠይቂ» ይላል። ዋጋ ደግሞ በቀንና በሰዓት ይለያያል። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ውድ ነው፤ ቀጠሮው እንደተከፈተ ነው የሚያልቀው። የሥራ ቀን ረከስ ይላል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ደግሞ ይበልጥ ይረክሳል፤ ጨለማ ከያዛችሁ ግን ሳትጨርሱ ትወጣላችሁ። እኛ የሌሊት ሠራተኞች እዚህ ላይ ዕድለኞች ነን። ማክሰኞ ጠዋት ለአብዛኛው ሰው የሥራ ሰዓት ነው፣ ለኛ ግን ባዶ ሜዳ ነው።

ብቻዬን ነኝ ብላችሁ አትቅሩ። አንድ ሰው ብላችሁ ያዙ። ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ከመጡት ጋር ያጣምሯችኋል። መጀመሪያ ይሄ አስፈርቶኝ ነበር። አሁን ግን የምወደው ክፍል እሱ ነው። ለሁለት ሰዓት ከማላውቀው ሰው ጋር እሄዳለሁ። ስንለያይ ኮፍያችንን አውልቀን እንጨባበጣለን።

አንድ ትልቅ ስህተቴን ልንገራችሁ፤ ላንግስተን ላይ የሆነ አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ ሌላ ሜዳ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ቅዳሜ ጠዋት 7:10 ለ4 ሰው በአፕ ያዝኩ። እኔ፣ አብረውኝ የሚጫወቱት ጋሼ፣ የአክስቴ ልጅና ጓደኛው። የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ከመጣ 5 ወሩ ነበር። በስልክ «ቅዳሜ ሰባት ከአስር፣ እንዳትቀር» አልኩት። አልቀረም። በሀበሻ ሰባት ሰዓት ከአስር፣ ማለትም እኔና ጋሼ ጨርሰን ቤታችን ምሳ ስንበላ፣ አዲስ ጫማ ገዝቶ፣ ጓደኛውን ይዞ ሜዳው በር ላይ ቆሞ ደወለልኝ። «ደርሰናል፣ የታላችሁ?»

በማግስቱ ካርዴ ላይ ያልመጡት ሁለት ሰዎች ተቆረጡ። 48 በ2፣ 96 ዶላር። ደወልኩ። አንዱ ወደ ሌላው እያስተላለፈ 40 ደቂቃ አስጠበቁኝ። በመጨረሻ የሰው ቁጥር መቀነስ የሚቻለው ከ24 ሰዓት በፊት ብቻ እንደሆነ አነበቡልኝ። አፑ ላይ ከክፍያው ቁልፍ በታች፣ በግራጫ፣ በጣም በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር። የተናደድኩት በሕጉ አይደለም። ሕጉ ልክ ነው። 7:10 ካለፈ በኋላ ያንን ቦታ ለማንም መሸጥ አይችሉም፤ መጫወት እየፈለገ ቦታ ያጣ ሰው ደግሞ ነበር። የተናደድኩት በአጻጻፉ ነው። ገንዘብ የሚያስቆርጥ ነገር ከዋጋው እኩል ጎልቶ መጻፍ አለበት።

ከዚያ ወዲህ ለሀበሻ ቀጠሮ የምልከው በጽሑፍ ነው። «ጠዋት 1 ሰዓት ከ10፣ በፈረንጅ 7:10 ኤኤም።» ሁለቱንም። ካንስል የሚደረግበትን የመጨረሻ ሰዓትም ስልኬ ላይ አላርም እሞላለሁ።

ቀጥሎ የማወራው ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ነው።

ጋሼ ከዲሲ ታክሲ ጡረታ የወጡ፣ 68 ዓመት የሆናቸው ሰው ናቸው። ላንግስተን አብረን የገባን የመጀመሪያ ቀን ከአንዲት አሜሪካዊት ጥቁር ሴትዮ ጋር አጣመሩን። ዕድሜያቸው ወደ ሰባዎቹ ይጠጋል፣ ነጭ ኮፍያ፣ ቀጥ ያለ አቋም። መነሻው ላይ ቆምን።

«በይ ቅደሚ ልጄ» አሉ ጋሼ።

«ኧረ ጋሼ! እርስዎ እያሉ?»

«ግዴለም፣ እዚህ አገር ሴት ነው የሚቀድም።»

«በዕድሜ ነው እንጂ! ይምቱ ጋሼ።»

«በሞቴ!»

«እኔ ልሙት፣ እርስዎ ይጀምሩ።»

እንዲህ ስንባባል ከኋላችን አራት ሰዎች ዱላቸውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። የማስጀመሪያው ሰውዬ ሰዓቱን አየ። በመጨረሻ ሴትዮዋ መጀመሪያ መቱ። ግሪኑ ላይ ስንደርስ ያው ነገር። «ቀድሚ»፣ «የለም ጋሼ»። ሁለተኛው ጉድጓድም እንደዚያው። አራተኛው ላይ ስንደርስ ከፊታችን ሰው የለም። ከፊት የነበሩት ሄደዋል፣ አንድ ሙሉ ጉድጓድ ባዶ ሆኗል። ከኋላችን ግን ሰው ተሰልፏል።

ሴትዮዋ ቀስ ብለው፣ በፈገግታ አናገሩን። «እርስ በርስ መከባበራችሁ ደስ ይላል። ከኋላችን ያሉት ሰዎችስ?» አሉ።

ያቺን ቃል አልረሳትም። እኔ ጨዋ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው። በር ላይ ታላቅ ሳይገባ አልገባም፣ እጅ ስታጠብም ከታላቅ ቀድሜ አልታጠብም። ያ ሁሉ ልክ ነው። እዚህ ግን አክብሮቴን የማሳየው የምላቸውን ለሚሰሙት ለጋሼ ብቻ ነበር። ዞሬ ላላየኋቸው አራት ሰዎች አላሳየሁም። ሒሳቡን አስቡት። በየጉድጓዱ በግብዣ አንድ ደቂቃ ብናባክን በ18 ጉድጓድ 18 ደቂቃ ነው። ከኋላ የሚመጣው በየ10 ደቂቃው ነው። ጠዋት ያባከንነው ከሰዓት በኋላ የሚገቡት ላይ ሁሉ ይደርሳል።

የጨዋታው ወግ እንዲህ ነው። መነሻው ላይ ፊተኛውን ጉድጓድ በጥቂት ምት የጨረሰው ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ ከባንዲራው የራቀው ይመታል። ይሄ አዛውንቱ በሌሊት ያስተማሩኝ ነው። ግን በ2019 የተሻሻለው የጎልፍ ሕግ ዝግጁ የሆነው ይምታ ብሎ ያበረታታል፤ ሰው የማይጎዳ ከሆነ ተራ አያስፈልግም። ተራችሁ ሲደርስ በ40 ሰከንድ ውስጥ እንድትመቱ ይመክራል። የጠፋ ኳስ መፈለጊያ ደግሞ ከ5 ወደ 3 ደቂቃ ወርዷል። 3 ደቂቃ። ሁለት ዶላር ለማታወጣ ኳስ ሳር ስትፈትሹ ሰው አታስጠብቁ።

ለጀማሪ የምጨምረው አለኝ። ኳሳችሁን አንሱ። ጉድጓዱ በ4 ምት እንዲያልቅ የታሰበ ከሆነና እናንተ 8ኛውን መትታችሁ ገና ከሆናችሁ፣ ኳሱን አንስታችሁ ኪስ ክተቱት፣ ወደሚቀጥለው ሂዱ። ማንም አይወዳደራችሁም። እኔ የመጀመሪያውን ወር ግማሹን ጉድጓድ እንደዚያ ነው የጨረስኩት። ከፊተኛው መነሻም ምቱ፤ ወደ ባንዲራው የሚቀርበው መነሻ ማለቴ ነው። ወንዶች ይሄን አይወዱም። ተቀበሉት። ከኋላ ያሉት ደግሞ በግልጽ ከፈጠኑ ዳር ቁሙና «እለፉ» በሏቸው። እዚያ ላይ «እርስዎ ይቅደሙ» ይሠራል!

ከዚያ ቀን ሌላም ነገር ይዤ ተመልሻለሁ። ስድስተኛው ግሪን ላይ ነው። የሴትዮዋ ኳስ ከላይ ወርዶ ጠብ ሲል ትንሽ ጉድጓድ ሠራ፤ ሊጥ ላይ በአውራ ጣት እንደተጫነ። እሳቸው ወደ ኳሳቸው አልሄዱም። መጀመሪያ ወደዚያች ጠባሳ ሄደው በርከክ አሉ። ከኪሳቸው ሁለት ጥርስ ያላት፣ እንደ አጭር ሹካ ያለች መሣሪያ አወጡ። ከጠርዙ ሰክተው ሣሩን ወደ መሀል ገፋ አደረጉት። ዞር ብለው ከሌላው ጎን። እንደገና ከሌላው። የቁስል አፍ የሚሰበስቡ ነው የሚመስሉት። ሥራዬ ስለሆነ ያን እጅ አውቀዋለሁ። ከዚያ ተነሥተው በዱላቸው ግርጌ ሁለቴ መታ መታ አደረጉት። ጠባሳው የት እንደነበር ማየት አልቻልኩም።

እኔ ላግዝ ብዬ ሌላ ጠባሳ ላይ ሹካዋን ሰክቼ ከሥር ወደ ላይ ማንሳት ጀመርኩ። እጄን ያዙኝ። ከሥር ካነሳሁት ሥሩ ይበጠሳል፣ ሣሩ ይሞታል፤ ከዳር ወደ መሀል ብቻ ነው አሉኝ። «የራስሽን አንድ፣ የማታውቂውን ሰው አንድ» ብለው ሹካዋን ሰጡኝ። ከቁልፌ ጋር ነው የማስቀምጣት።

የቀረው ሥርዓት ብዙ አይደለም። ሰው ሲመታ አትናገሩ፣ አትንቀሳቀሱ፣ ጥላችሁ ኳሱ ላይ አይውደቅ። ግሪን ላይ በሰው ኳስና በጉድጓዱ መሀል አትርገጡ፤ ዙሩት። ሜዳው ላይ ካሉት የአሸዋ ቦታዎች ከገባችሁ ስትወጡ የእግራችሁን ዱካ እዚያ በሚቀመጠው ባለጥርስ መጥረጊያ አጥፉ። ካርት የተባለውን መኪና ከነዳችሁ ግሪን አታስጠጉ፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ከመንገዱ እንዳትወርዱ ይነገራችኋል። እኔ በእግሬ ነው የምሄደው፣ ሐኪሙም ያለኝ እሱን ነው።

ስልክ ላይ ግን ቆም ልበል፣ የኛ ችግር ነውና። በበጋ ዲሲ 9:30 ጠዋት ሲሆን አዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ነው። ቡና ተፈልቶ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ «እስቲ እቺን ልጅ እንደውልላት» የሚባልበት ሰዓት። አንድ ሰውዬ ለመጨረሻው ምት ጎንበስ እንዳለ የእናቴ ቪዲዮ ኮል ጮኸ። ሰውዬው ቀና አለ፣ ምንም አላለም፣ እንደገና ጎነበሰ። እኔ ግን መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። አሁን ከቤት ሳልወጣ እናቴን እደውልላታለሁ። «ሜዳ ልሄድ ነው እማ፣ እስከ ማታ እንዳትደውዪ» እላታለሁ። «ያ ኳስሽ ነው? ተጠንቀቂ፣ ዓይንሽን እንዳይመታሽ» ትለኛለች።

እውነቷን ነው። ኳሱ ጠንካራ ነው፣ ሰው ይጎዳል። ኳሳችሁ ወደ ሰው ከሄደ ሳትሳቀቁ «ፎር!» ብላችሁ ጩኹ። አንዴ የአክስቴ ልጅ በድንጋጤ «ኧረ ሰውዬ ራስህን!» ብሎ ጮኸ። ሰውዬው ዞር ብሎ ቆሞ አየን። ኳሱ አጠገቡ ወደቀ። «ፎር» ሲባል ግን ሁሉም ራሱን ሸፍኖ ጎንበስ ይላል። ያቺን አንዲት ቃል መኪና ውስጥ እየነዳችሁ ተለማመዷት፣ በሙሉ ድምፅ።

ወጪን በተመለከተ፣ ዱላዎቼን ያገለገሉ ነው የገዛኋቸው፣ 7ቱን በ120 ዶላር። ሕጉ እስከ 14 ይፈቅዳል፤ ጀማሪ ግማሹ ይበቃዋል። ልብስ ላይ ኮሌታ ያለው ሸሚዝና ስኒከር ከለበሳችሁ የትም የህዝብ ሜዳ አታፍሩም። ቆሎና ውኃ ያዙ።

ላንግስተንን ለማን እመክራለሁ? መምታት ትንሽ ለለመደ ጀማሪ። ዱላ ጨርሶ ይዛችሁ የማታውቁ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሄይንስ ፖይንት ያለው ኢስት ፖቶማክ ሂዱ። እዚያ መለማመጃ አለ፣ የጎልፍ ኳስ በቅርጫት ገዝታችሁ እስክትጠግቡ ትመታላችሁ። የዋሽንግተን ሐውልት እዚያው ይታያል፣ አውሮፕላኖቹ ወደ ሬገን ሲያርፉ አናታችሁ ላይ ያልፋሉ። እኔ እዚያ አንድ ወር ከመታሁ በኋላ ነው ላንግስተን የገባሁት። 18ቱንም አትጀምሩ። 9 ያዙ። ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ እግርም ልብም አይደክምም። እኔ ሙሉውን 18 የተጫወትኩት ከ4 ወር በኋላ ነው፣ አራት ሰዓት ተኩል ፈጀብን።

ሴትዮዋን አሁንም አገኛቸዋለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ከጋሼ ጋር ሦስት ሆነን ገባን። ጋሼ መነሻው ላይ ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል፣ እኔ ጓንቴን እየፈለግኩ ነው። ድሮ ቢሆን ይጠብቁኝ ነበር። አየት አደረጉኝና «አልጨረስሽም አይደል? በቃ እኔ መታሁ» አሉ። ኳሱ ቀጥ ብሎ ወጣ።

የሚቀጥለውን ማክሰኞ 8:50 ይዤአለሁ። በሀበሻ 2:50 ጠዋት። ከአራቱ አንድ ቦታ ክፍት ነው።